እማዬ የሰማችው ሙሾ

ኅዳር 8

ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችን ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ እሱባለው የሚባለው ልጅ ተነሥቶ የመጽሐፉን ትርጓሜ እንደ ዳዊት ደገመልኝ። አንድ ቃል አልሳተም፤ አንድ ቃልም አልገባውም። ተናደድኩና መጽሐፉን አስዘግቻቸው ስለ እማዬ ማውራት ጀመርኩ።

እማዬን ያውቋታል። በዘመሮና በአካባቢው ጥሩሸዋ አልቃሿን የማያውቅ የለም፤ ያላለቀሰችበት ቤትም የለም። ከማልቀሷ በፊት ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ልጅ ሆኜ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ እከተላት ነበር። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ቶሎ አፏን አትከፍትም። ከሟቹ የቅርብ ሰው አጠገብ ትቀመጥና በጆሮው ትጠይቀዋለች። ምን ይወድ ነበር? በምን ይቆጣ ነበር? ምን ሳይጨርስ ሄደ? ይህን ሳትይዝ አትነሣም። አንድ ጊዜ ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ ብጠይቃት፣ ደግ ነበር ማለት ለማንም ይሆናል፣ ለማንም የሚሆነው ደግሞ ለእሱ አይሆንም አለችኝ።

እኔ ይህንን በኮሌጅ ስንት ዓመት ተምሬ ነው ያገኘሁት። እዚያ ስሙ የገጸ ባሕርይ ትንተና ነበር።

የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ከምናጠናው ተውኔት አንድ ሰው መርጠው፣ ሦስቱን ጥያቄ መልሰው፣ ሁለት ስንኝ ሙሾ ይጻፉለት። እንቅልፋም ክፍል ነው፤ ዛሬ ግን ደወሉ ሲደወል እንኳ አልተነሡም።

እማዬ ትንሽ ሳል ይዟታል። ውርጩ ነው።

ኅዳር 12

ተውኔቱን መምህር መርስዔ ኃዘን ናቸው የጻፉት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ተውኔቱን ለትምህርት ቤቱ የቴአትር ክበብ ትተውት አለፉ። በጥር መጨረሻ ለወላጆች ቀን ልናሳየው ነው። ሸዋረግ የምትባል እናት አንድ ልጅ አላት፣ ምንተስኖት። ልጁ ከተማ ይሄዳል፤ ሬሳው ይመጣል። በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ፣ በቀብሩ ትዕይንት፣ አገሩ በሙሉ ያለቅሳል። ሸዋረግ ብቻ ቆማ ዝም ትላለች፤ መጋረጃው እስኪዘጋ አንድ ቃል አይወጣትም።

መጀመሪያ ያየሁት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። ያኔ አዳራሹ መብራት አልነበረውም፤ ማሾ ግራና ቀኝ ሰቅለን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ነበር የምናየው። መምህር መርስዔ ኃዘን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ከመጋረጃው ሥር ቆመው፣ ተዋንያኑ የሚሉትን ሁሉ በከንፈራቸው አብረው ይሉ ነበር። እማዬ ከጎኔ ነበረች፤ ያቺን ሌሊት የመሰለች ሌሊት አላውቅም። ሸዋረግ ዝም ስትል ሰው አጉረመረመ፤ ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ግን ቀስ ብላ "ትክክል ናት" አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ ሸዋረግ ልቧ የደረቀ ሴት ናት፣ ጭብጡም ኩራት ነው እያልኩ አስተምራለሁ። ፈተናም ላይ የማወጣው ይህንኑ ነው።

ኅዳር 20

የቤት ሥራው ተነበበ። ብዙው ደግ ነበር፣ ቸር ነበር፣ አንበሳ ነበር። እሱባለው ምንተስኖትን አንበሳ ሲለው፣ ተውኔቱ ውስጥ ልጁ ውሻ ይፈራ የለም እንዴ ብዬው ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

ከኋላ ወንበር ትሕትና ተነሣች።

"ቶሎ ና ብዬው ነው ሲሄድ የሸኘሁት፣
ቶሎ መጣ ይኸው፣ በሰው ጫንቃ አየሁት።"

ይስቅ የነበረው እሱባለው ዞሮ አያት። እኔም ነጥብ መጻፍ አቃተኝ።

ማታ ለእማዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና "ይቺ የማን ልጅ ናት?" አለች። ነገርኳት። እኔ በእሷ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ እል ነበር አለች። ቅናቷ እስካሁን አልለቀቃትም፤ አሳቀችኝ።

እራቷን አልነካችውም። ቀን ቀን የምታስታምማት ጎረቤታችን ጌታነሽ ቀድማ አብልታት ይሆናል።

ታኅሣሥ 2

የድርሰት እርማት። የእጄ ጣቶች በብርዱ ደንዝዘዋል።

ትሕትና ስለ ሸዋረግ ጻፈች። ሸዋረግ ዝም ያለችው ስላላዘነች አይደለም ትላለች። ልትለው የሚገባትን ነገር ከመድረኩ ውጪ፣ እኛ ሳናይ፣ ለልጇ ለራሱ ብላው ይሆናል ትላለች። ቆንጆ ነው፣ ግን በጽሑፉ ውስጥ ማስረጃ የለውም። ይህንኑ በቀይ ጻፍኩባትና ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት።

ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 9

እማዬን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደረቷን በመሣሪያ አዳምጠው ደብረ ብርሃን ውሰጂያት አሉኝ። እነሱ ሁሉን ሰው ደብረ ብርሃን ነው የሚልኩት። መንገዱም ሰሞኑን አያስተማምንም። እሷም እንቢ ብላለች፤ በመኪና ስትናጥ መሞት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። ሽሮፕ ሰጡን።

ጉንፋን ነው። ዘንድሮ ውርጩ ከፍቷል፤ ገብሱንም መትቶታል እያሉ ነው።

ታኅሣሥ 15

ከትምህርት ቤት ዘግይቼ መጣሁ። የክበቡ ልምምድ ነበር። ጌታነሽ በር ላይ ጠበቀችኝና እናትሽ ቀኑን ሙሉ ስትጠይቅሽ ዋለች አለችኝ። ይህ ከነከነኝ።

እማዬ ባናዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ባናውን የሠራው አባዬ ነው። የራሳችንን በጎች ጸጉር እሷ ፈትላ፣ እሱ ከሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲወረውር፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ቤቱን ሲሞላው አሁንም ትዝ ይለኛል። ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እሱ መወርወሪያውን ሲወረውር በዚያው ምት እሷ ስንኝ ታወጣ ነበር፤ ሲያቆም ታቆማለች። ያኔ ለቅሶ የሚሠራው እዚህ ቤት ነው ብዬ አስብ ነበር።

"ኮከቤ፣ ለእኔ ማን ያለቅስልኛል?" አለችኝ።

አገሩ ሁሉ ብድር አለበት፣ ይመልሳል አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አገሩን አልጠየቅኩሽም አለች።

ሳቅ አድርጌ አለፍኩት። አሁን ስጽፈው አያስቅም። እኔ የሰው ግጥም አፍርሼ እንዴት እንደተሠራ ማሳየት እችላለሁ። ራሴ ግን አንድም ቀን፣ አንድም ስንኝ፣ ለማንም አላልኩም። የአልቃሽ ልጅ ሆኜ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሆኜ። ቀኑ ሲመጣ ሰው ሁሉ አፌን ሊያይ ነው። እሷም ከዚያ ቀን በፊት ልትሰማኝ ነው የምትፈልገው እንዴ? ምን ብዬ?

ሳሉ ግን ቀነስ ያለ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 21

ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ ያበድኩት።

ልምምዱ የቀብሩ ትዕይንት ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አያስገባም፤ ልጆቹን ፀሐይ ላይ አወጣኋቸው፣ ሜዳው ላይ፣ ከአጥሩ ሥር። ገበያ ቀን መሆኑን ረስቻለሁ። የገበያው መንገድ ደግሞ በአጥሩ ሥር ነው የሚያልፈው። ጨዋታ አታድርጉት፣ እንደ ለቅሶ ቤት አድርጉት፣ ደረታችሁን ምቱ አልኳቸው። መቱ። ትሕትና ያቺን የራሷን ስንኝ አወጣች። ዜማውን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የእማዬ ዜማ ነበር፤ መጨረሻውን እንደ እሷ ነው ሰበር የምታደርገው። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ፣ በልጆቹ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

ከአጥሩ ወዲያ ሰው አይቶኛል። እማዬ መታመሟን ዘመሮ ሁሉ ያውቃል። እየተለቀሰ ማን ሞተ ተብሎ አይጠየቅም፤ የነጠላን ጥለት ገልብጦ ወደ ለቅሶው ቤት መሄድ ነው እንጂ። ሰዎቹም እንደ ወጉ አደረጉ። ገብሳቸውን፣ ጨዋቸውን፣ በጎቻቸውን እየተዉ ወደ እኛ ቤት ሄዱ። ጌታነሽ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። በሩ ተዘግቷል። ግቢው በሰው ሞላ። የእድሩ ሰዎች ሳይቀሩ ድንኳን አምጥተው ካስማ መምታት ጀመሩ።

እኔ ሰምቼ በሩጫ ስደርስ ድንኳኑ በግማሽ ቆሞ፣ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ተቆጥቷል። አንድ ቄስ ያማትባሉ። ገብቼ እማዬን አየኋት። በሳቅና በሳል መሃል ሆና ራሷ ነገረችኝ።

መጀመሪያ ለቅሶውን ስትሰማ ጎረቤት የሞተ መስሏት ልትነሣ ሞከረች። ልማዷ ነው፣ ታማም አይለቃትም። ከዚያ የራሷን ስም ሰማች። "ከዚያማ ተመልሼ ተኛሁ" አለችኝ። ባናዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና አዳመጠች። ማን እንደሚያለቅስ ከድምፁ ታውቃለች፤ እከሊት አሁንም ከዜማው ትወጣለች፣ እከሊት የእኔን ሰርቃ መልሳ ለእኔው አለችልኝ እያለች ቆጠረችልኝ። አንዷ ግን፣ ድምፅዋን ያላወቀቻት፣ እንዲህ አለች፤

"ለሟች ሁሉ ስንኝ ስትሰጥ የኖረች፣
ዛሬ በራሷ ቀን አፏን ዘግታ ቀረች።"

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ካስማው ተመታና ሳይሰማት ቀረ፤ እኔ ሙሉውን ያገኘሁት ግቢው ውስጥ ከነበሩት ጠይቄ ነው። እማዬ መቆየት አልቻለችም። ከአልጋዋ ሆና "ያቺን የአሁኗን ድገሚልኝ፣ ሁለተኛዋ አልተሰማችኝም" አለች።

ከዚያ የሮጠው ሮጠ።

ፊቷ ላይ እንደ ዛሬ ማታ ያለ ደስታ ካየሁ ቆይቻለሁ። ሾርባም ጠጣች። ልተኛ ስል ግን ጠራችኝ።

"ሁሉም መጥተው አለቀሱልኝ" አለች። "አንቺ ብቻ አልነበርሽም።"

ታኅሣሥ 23

ርእሰ መምህሩ አቶ ዳኜ ቢሮ ጠሩኝ። ሰው ሟርት ነው እያለ ነው፣ በሕይወት ባለች ሴት ላይ ድንኳን ማስተከል ምን ይባላል አሉኝ። ተውኔቱ ለወላጆች ቀን እንዳይታይ ታገደ። ልጆቹ አኮረፉ። እኔ ግን ስለ ተውኔቱ ያን ያህል አለማዘኔ ገረመኝ። መምህር መርስዔ ኃዘን ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር?

ወጥቼ ስሄድ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ አንዱ "እናትየዋ እኮ ጥርን አትሻገርም" ሲል ሰማሁት። የሰው አፍ መዝጊያ የለውም ልበል። ሾርባ ጠጥታለች እኮ።

ጥር 4

ገና አለፈ። ዶሮውን ቀመሰች፣ ተወችው።

ስለ ለቅሶዋ ማውራት አላቆመችም። የተማሪ ድርሰት ይመስል አንድ በአንድ ታርመዋለች። ሁሉም ደግ አሉኝ ትላለች። ደግ፣ የድኻ እናት፣ የአገር ዋርካ። ቁጣዬን ያነሣ የለም። የተጣላኋቸው ሰዎች እንኳ መጥተው ደግ ነበረች አሉ። ለእኔ ያለቀሰ የለም፣ ለማላውቃት ሴት ነው ያለቀሱት ትላለች።

ዛሬ ጌታነሽ በሌለችበት እጄን ያዘችኝ። የምትዪኝ ካለ አሁን በይኝ አለች። ጆሮዬ ሳይደፈን።

እማዬ እባክሽ አታሟርቺ ብያት ወጣሁ። በረት አካባቢ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ብርዱ ያንገበግባል።

ጥር 8

ሦስቱ ጥያቄ። ለተማሪ እሰጠዋለሁ፣ ለራሴ አቃተኝ።

ምን ትወዳለች? በሬዲዮ የማታውቀው ሰው ሲያለቅስ መስማት። ከማንም በፊት መነሣት። የአባዬን ባና። እኔን?

በምን ትቆጣለች? በሁሉም። በቀዘቀዘ ቡና፣ በተበላሸ ዜማ፣ ተማርኩ ብሎ በሚያወራ ሰው።

ምን ሳትጨርስ?

ይህንን አልመልስም። አልጨረሰችም ገና።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ልትሄድ አልቻለችም። በሩን ከፍተን፣ አልጋዋን አዙረን፣ ከበሮው በሩቅ ሲያልፍ ሰማች። እኔም ከአጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። ትንሽ ሆነሽ በዚህ ቀን ከትከሻዬ ላይ አትወርጂም ነበር አለችኝ፤ ታቦቱን ያየሁት ሁልጊዜ ከእሷ ራስ በላይ ሆኜ ነው። በሆሳዕና ደግሞ የዘንባባ ቀለበት ታሠራልኝ ነበር፤ እሱም አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ትዝታ ሲነሣ አንዱ አንዱን ይጎትታል።

የጻፍኩትን ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሁሉም የመማሪያ መጽሐፍ ይሸታል።

ጥር 17

አልኩላት።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ እግሯ ላይ ነበረች። ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ መጣሁ፣ ጌታነሽን አሰናበትኳት፣ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጥኩ። በዜማ ማለት አልቻልኩም፤ እንደ ንግግር፣ ወደ መሬት እያየሁ አልኳት። ሁለት ስንኝ ብቻ።

ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ከዚያ፣ "ሩኅሩኅ የምትለዋን አውጪያት" አለች። "እኔ ሩኅሩኅ አልነበርኩም። ቁጡ ነኝ። ቁጡ በዪኝ።"

ቤት አይመታም አልኳት።

"ያስተማሩሽ እንዲህ ብለው ነው?" አለችና ሁለተኛውን ስንኝ ራሷ አዙራ፣ ቁጡ የሚለውን ቃል ቦታ አግኝታለት፣ መልሳ ሰጠችኝ። መታ። እንዴት እንደመታ አሁንም እየገረመኝ ነው። እንደገና አልኩላት፣ በእሷው ዜማ፤ ዕንባዬ ከየት መጣ ሳልል አልኩላት። ሦስተኛ ጊዜ ድገሚው አለችኝ።

ከዚያ ስለ አባዬ ጠየቅኳት። ስንት ዓመት አፌ ውስጥ የኖረ ጥያቄ ነው። የአባዬ የወንዳፈራሁ ቀብር ላይ፣ አገር ሁሉ የእሷን አፍ ሲጠብቅ፣ አንድ ቃል ሳትል ቆማ መጣች። ልጅ ነበርኩ። አልወደደችውም ብዬ ነው ያደግኩት። ይህንን ለእሷ እንደዚህ አላልኳትም፤ ለአባዬ ለምን አላለቀስሽለትም ብቻ ነው ያልኳት።

ግር ብሏት አየችኝ።

"ለአባትሽ ያልኩትን አባትሽ ሰምቶታል" አለች። "እዚሁ ተኝቶ፣ ይህንኑ ባና ለብሶ። እሱም ድገሚው ብሎኛል። ታዲያ ቀብሩ ላይ ለማን ልበለው?"

ያልኩላትን እዚህ አልጽፈውም።

ጥር 24

እማዬ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች።

ጥር 30

አሁን ነው እጄ የሚጽፈው።

ቀብሩ በዚያው ቀን ነበር። የዚህ ጊዜው ድንኳን የእውነት ነው። ሰው ከራቤል ድረስ ነው የመጣው፤ ታኅሣሥ ላይ ሮጠው ያመለጡትም ሁሉ መጡ። ያለቀሱት ደግመው አለቀሱ። ያቺ ድምፅዋ ያልታወቀችው ሴት ያንኑ ስንኝ ስትል ሰማኋት፤ ዞሬ አየኋት፣ እኔም አላውቃትም። ግራ በተጋባው ዓይኔ እማዬን ፈለግኩ፣ ልነግራት።

ከዚያ ቦታ ለቀቁልኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የአልቃሿ ልጅ፣ መምህርቷ። ከኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ፣ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ቆመዋል።

አፌ ውስጥ አንድም ነገር አልነበረም። ባዶ ሆኜ አይደለም፤ ያለኝን ሰጥቼ ጨርሼ ነው። ሳጥኑን እያየሁ ቆምኩ። ቆምኩ። አፈሩ እስኪመለስ ቆምኩ።

ስንመለስ ከፊቴ የሚሄዱ ሴቶች፣ ከኋላቸው መሆኔን ሳያዩ፣ ይቺ ምን ዓይነት ልጅ ናት ሲሉ ሰማሁ። ትምህርት ልብ ያደርቃል አለች አንዷ። አልተቆጣሁም። እማዬ ብቻ ናፈቀችኝ፣ ሰምታ ብትሆን ስትስቅ ታየኝ።

ማታ ባናውን ለበስኩት። አሁንም ሱፍ ሱፍ ይሸታል።

የካቲት 10

ዛሬ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ተነሥተው ቆሙልኝ፤ አልቀመጥ አሉ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። የትሕትናን ድርሰት መለስኩላት። ግማሿን ነጥብ ሰርዤ ሙሉ ሰጥቻታለሁ፤ በቀይ የጻፍኩትን ግን አላጠፋሁትም። አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ የተውኔቱን መጽሐፍ ከፈትኩና በየዓመቱ የምጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኩ። ሸዋረግ ለምን ዝም አለች?

እሱባለው እንኳ እጁን አላወጣም። ማንም አላወጣም። ሁሉም ቀብሩ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ገጹን ገለጥኩና ወደ ሦስተኛው ገቢር አለፍን።